ዝቅ ብሎ የሚያምር አምፕ፦ ለኮንዶሚኒየም ቤት የቤዝ አምፕ ስመርጥ ያየሁት

«ስንት ዋት ልግዛ?» ቤዝ ጊታር የሚጀምር ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው። አምፕ፣ ማለትም የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላውን ሳጥን፣ በምፈልግበት ሰሞን ዙሪያዬ ያለው ወሬም ዋት ብቻ ነበር። ብዙ ፈልጌ፣ ብዙም ተለማምጄ የደረስኩበት ግን ሌላ ነው። የቤት አምፕ መመረጥ ያለበት ቮሊዩሙ ዝቅ ሲል በሚያሰማው ድምፅ ነው። ከፍ ሲል የሚያምር አምፕ ሞልቷል። ዝቅ ብሎም የሚያምረው ግን ተፈልጎ ነው የሚገኘው።

ወደዚህ ሐሳብ ያመጣኝ የምኖርበት ቤት ነው። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ። ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ኮንክሪት። ቀጭን ድምፅ እዚህ ግድግዳ ላይ ብዙው ይቀራል። የጎረቤት ቴሌቪዥን ሲያወራ ይሰማል እንጂ ምን እንደሚል አይለይም። ወፍራም ድምፅ ግን ግድግዳ አይዘውም። የቤዝ ጊታር አራተኛ ክር፣ ማለትም ኢ፣ ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል፤ 41 ኸርዝ የሚባለው ይህ ነው። የአንዱ ሞገድ ርዝመት ከ8 ሜትር ያልፋል። ከኔ ሳሎን ይረዝማል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ድምፅ አንዱ ቤት ተጀምሮ ሌላው ቤት ይሰማል።

ከታች የሚኖሩት እናት አንድ ቀን ደረጃ ላይ አስቆሙኝና «ልጄ፣ ጨዋታህን እወደዋለሁ። ግን ቡፌ ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎቼ ይንጫጫሉ» አሉኝ። «እሺ እትዬ፣ መላ እፈልጋለሁ» አልኳቸው። መላው ቀላል ሆኖ ተገኘ። አምፑን ከወለሉ አንስቼ ዱካ ላይ አስቀመጥኩት፤ ከሥሩ ወፈር ያለ ስፖንጅ አደረግኩበት። ንዝረቱ በቀጥታ ወደ ኮንክሪቱ መግባቱ ቀነሰ። በዚያ ላይ ስፒከሩ ወደ ጆሮዬ ቀረበና ቮሊዩሙን ይበልጥ ዝቅ ማድረግ ቻልኩ። አምፑን ከማዕዘን ማራቅም ይረዳል። ማዕዘን ላይ የተቀመጠ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ ያጎላል፤ ክፍሉ ውስጥም ይጎረብጣል።

አሁን ወደ ጆሮ እንምጣ። የኔ ምርጫ በሙሉ የቆመው እዚህ ላይ ነው። የሰው ጆሮ ሁሉንም ድምፅ እኩል አይሰማም። ድምፅ ዝቅ ሲል ከሁሉ ቀድሞ የሚጠፋብን ወፍራሙ ነው። ሃርቬይ ፍሌቸርና ዊልደን መንሰን የሚባሉ ተመራማሪዎች ይህን በ1933 እ.ኤ.አ. ለክተው አሳይተዋል። ሱቅ ውስጥ ከፍ ተደርጎ ሲከፈት ደረት የሚመታ አምፕ፣ ማታ ቤት ገብቶ ዝቅ ሲል ሽባ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። አምፑ አልተበላሸም። ጆሯችን ነው የቀነሰው። ስለዚህ ዝቅ አድርጌ ስለማመድ የቤዝ ቁልፉን ትንሽ ከፍ አደርጋለሁ። ሚዱንም፣ ማለትም መካከለኛውን ድምፅ፣ አልቀንሰውም። ኖታ ከኖታ የምንለየው ሚዱ ላይ ነው። ብዙ ጀማሪ ሚዱን ቆርጦ ቤዙንና ትሬብሉን (ቀጭኑን ድምፅ) ከፍ ያደርጋል። ብቻውን ሲጫወት ደስ ይላል፤ ዘፈን ሲከፍት ግን ራሱን አይሰማም።

ዋቱን በአጭሩ ልበለው። ከ25 ወደ 50 ዋት ብትሄዱ የምታገኙት ጭማሪ 3 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ነው። ለጆሮ ትንሽ ነው። ድምፁ እጥፍ የሆነ እንዲመስለን ዋቱ 10 እጥፍ ገደማ ማደግ አለበት። ለአንድ ክፍል ከ15 እስከ 40 ዋት በቂ ነው፤ ይተርፋልም። ገንዘባችሁን ስፒከሩ ላይ አውጡት።

ስፒከር ሲባል መጠኑ ብቻ አይደለም፤ የሳጥኑ ስፋትም አብሮ ይታያል። በትንንሽ የቤዝ አምፖች ላይ የተለመደው 8 ኢንች ነው። ፌንደር ራምብል 25 እና ኦሬንጅ ክራሽ ቤዝ 25 ሁለቱም 8 ኢንች ናቸው። እውነቱን ለመናገር እንዲህ ያለ ትንሽ ሳጥን 41 ኸርዙን እንዳለ አያወጣውም። ግን ኢ ክር ሲመታ 82፣ 123 እያለ የሚቀጥል ሃርሞኒክም፣ ማለትም ከዋናው በላይ የሚሰማ ቀጠን ያለ ድምፅ፣ አብሮ ይወጣል። አእምሯችን እነዚያን ሰምቶ የጎደለውን ራሱ ይሞላዋል። ኖታው ኢ መሆኑን በደንብ እንለያለን። ደረት ላይ የሚያርፈው ነገር ብቻ ነው የሚቀረው። ለልምምድ ይህ በቂ ነው ብዬ አምናለሁ።

እኔ የወሰድኩት ፌንደር ራምብል 40 ነው፤ ያገለገለ። እቁብ ሲደርሰኝ ነው የገዛሁት። ስፒከሩ 10 ኢንች ነው። ክብደቱ ግን 8 ኪሎ አካባቢ ብቻ ነው፤ ከ25ቱ እንኳን ይቀላል። ከመሀል ከተማ ተነስቶ መገናኛ ላይ ታክሲ ቀይሮ የካ አባዶ ለሚገባ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጭን ላይ ይቀመጣል፤ ረዳቱም የሁለት ሰው ሂሳብ አይጠይቅም። ከጀርባው ወደ ሚክሰር (የድምፅ ማደባለቂያ) የሚወጣ መስመር አለው። በኋላ እመለስበታለሁ።

መብራት ለሚያስቸግረው ሰው ሌላም አማራጭ አለ። ሮላንድ ማይክሮ ኪዩብ ቤዝ አር ኤክስ በ6 ትንንሽ ድንጋይ ይሠራል። አራት ባለ 4 ኢንች ስፒከሮች አሉት። አንድ ጓደኛዬ ጋ ሞክሬዋለሁ። ለመጠኑ የሚያስደንቅ ድምፅ አለው። ብዙ ጊዜ ውጭ የምትጫወቱ ከሆነ እሱን ፈልጉ።

ከሁሉም በላይ አደራ የምለው ስለ ቮልቴጅ ነው። እዚህ የምናገኘው አብዛኛው አምፕ ዘመድ ከውጭ ይዞት የመጣ ነው። ከአሜሪካ የመጣው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። የኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል። ሶኬቱ አዳፕተር ስለገባለት ሠራ ማለት አይደለም። አዳፕተር ቅርጹን እንጂ ቮልቱን አይቀይርም። አምፑን ከመክፈታችሁ በፊት አዙሩትና ከጀርባው የተለጠፈውን አንብቡ። 230 ቮልት ካለ ለኛ ይሆናል። ከ100 እስከ 240 የሚልም አለ፤ እሱም አያሳስብም። 120 ብቻ ካለ ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ትራንስፎርመሩ ስትገዙ የአምፑን የድምፅ ዋት አትዩ። ከጀርባ የተጻፈውን የሚፈጀውን ኃይል አይታችሁ ከዚያ በደንብ የሚበልጥ ውሰዱ። ትራንስፎርመር የኛን 50 ኸርዝ ወደ 60 አይለውጠውም። ስለዚህ አምፑ ትንሽ ሊሞቅ ይችላል፤ አየር የሚያገኝበት ቦታ አስቀምጡት።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ወዲያው ከዲቫይደሩ ንቀሉት። ሲመለስ ቮልቱ ከፍ ብሎ ሊመጣ ይችላል። እንደኛ ዳር ዳር ያላችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። ፍሪጅ እንደምትጠብቁት ሁሉ አምፑንም ጠብቁት።

ሌላው «እምምም» የሚለው ድምፅ ነው። ክሩን በእጃችሁ ስትነኩት የሚጠፋ ከሆነ ብዙ ጊዜ ችግሩ ወይ የቤቱ መስመር የመሬት ሽቦ ነው፣ ወይ ጊታሩ ውስጥ ጩኸት የሚከላከለው መሸፈኛ ማነስ ነው። ድምፁን ለማጥፋት ብላችሁ የሶኬቱን የመሬት እግር እንዳትቆርጡ። ያ እግር ሕይወት የሚያድን ነው። ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ ሶኬቱን አሳዩት። ላፕቶፕ ቻርጀር ላይ እያለ ከአምፑ ጋር ሲገናኝም ተመሳሳይ ድምፅ ይመጣል። ቻርጀሩን ንቀሉና ሞክሩ።

ለመግዛት ስትሄዱ የራሳችሁን ቤዝና የራሳችሁን ጃክ ይዛችሁ ሂዱ። በሱቁ ቤዝ የሰማችሁት ድምፅ ቤት አብሯችሁ አይመጣም። ሻጩ ቮሊዩሙን ከፍ አድርጎ ሊያሳያችሁ ይፈልጋል። በትህትና ዝቅ አስደርጉት። አጠገባችሁ ካለ ሰው ጋር ድምፃችሁን ከፍ ሳታደርጉ ማውራት የምትችሉበት ደረጃ ላይ ይሁን። ከዚያ ኢ ክርን ክፍቱን፣ በግራ እጅ ሳትጫኑት፣ ምቱ። ቀጥሎ ኤ፣ ዲ፣ ጂ። ከዚያ ሁሉንም 12ኛ ፍሬት (የጊታሩ አንገት ላይ ያለ የብረት መስመር) ላይ። አንዱ ኖታ ጎልቶ ሌላው የሚሰወር ከሆነ ያ አምፕ ያደክማችኋል። ቀጥሎ እስከ ግማሽ ከፍ አድርጋችሁ ኢ ክሩን አስረዝሙት። የሚንጣጣ ነገር ካለ ወይ የሳጥኑ ብሎን ላልቷል፣ ወይ የስፒከሩ ወረቀት ተቀዷል። ብሎን ይጠብቃል። የተቀደደ ስፒከር ግን ወይ ዋጋ ያስቀንሳል፣ ወይ ግዢውን ጭራሹን ለመተው ምክንያት ይሆናል። ቁልፎቹን ስታዞሩ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ብዙ ጊዜ አቧራ ነው፤ ይጸዳል። አንድ ሱቅ «ሳትገዛ አይሰካም» ብሎኛል። አመስግኜ ወጣሁ። እናንተም እንደዚያ አድርጉ።

ቤት ያለውን የጊታር አምፕ ልጠቀም ለምትሉም፣ ዝቅ አድርጋችሁ ከሆነ ይቻላል። ከፍ ካላችሁ ግን የጊታር ስፒከር ለዚያ እንቅስቃሴ ስላልተሠራ ሊበላሽ ይችላል።

አምፑ ቤት ከገባ በኋላ በጨዋታዬ ላይ ያየሁት ለውጥ ከጠበቅኩት አቅጣጫ አልመጣም። ያሳደገኝ ስፒከሩ ሳይሆን የሄድፎን ቀዳዳው ነው። ሄድፎን ሲሰካ ስፒከሩ ዝም ይላል፤ ሌሊትም መጫወት ይቻላል። በሄድፎን ስሰማ ግራ እጄ የሚተወውን ድምፅ ሁሉ አገኘሁት። ኤ ክርን ስመታ ኢ ክር ከሥር እያጉረመረመ ነበር። በክፍል ውስጥ ያ ድምፅ ተደባልቆ «ወፍራም» ይመስላል። በሄድፎን ግን ግልጽ ነው። ከዚያ ወዲህ የልምምዴ ግማሹ ክር ማፈን ሆኗል። በቀኝ አውራ ጣቴ ኢ ክርን እየያዝኩ፣ በግራ ጣቶቼ የማልመታቸውን እየነካሁ እጫወታለሁ።

ይህ በተለይ ለችክችካ ጠቅሞኛል። ስድስት ስምንተኛው ምት ላይ ቤዙ የሚያምረው የት እንደሚመታ ብቻ ሳይሆን የት እንደሚቆምም ሲታወቅ ነው። ኖታውን ትንሽ ካስረዘምኩት እስክስታው ይከብዳል። በጊዜ ከቆረጥኩት ይነሣል። ትዝታና ባቲን በቀስታ ስጫወት ደግሞ ተቃራኒው ነው። ኖታው እስከ ቀጣዩ ድረስ መያዝ አለበት፤ ጣት ቀድሞ ከተነሣ መስመሩ ይበጠሳል። ይህን ልዩነት በደንብ የሰማሁት አምፑ ጥርት አድርጎ ሲያሰማኝ ነው።

ሁለተኛው ጥቅም ስልክ የሚሰካበት ቀዳዳ ነው። የስልክ ስፒከር ቤዝ አያወጣም። ስንት ዓመት የሰማናቸውን ዘፈኖች የቤዝ መስመራቸውን ሳንሰማ ኖረናል። የአይቤክስና የሮሃ ባንድ ቤዚስት የነበረው ጆቫኒ ሪኮ የሚጫወተውን በአምፑ ስሰማ ተቀምጬ ቀረሁ። ዝም ብሎ ከሥር የሚሄድ የመሰለኝ መስመር ድምፃዊውን የሚያነጋግር ሆኖ አገኘሁት። አሁን አንድ ዘፈን እመርጥና ፍጥነቱን ቀንሼ አብሬ እጫወታለሁ። ስልኩን በብሉቱዝ ማገናኘት የምትችሉበት አምፕ ካላችሁ ለዚህ ምንም አይልም። የራሳችሁን ቤዝ ግን በጃክ ስኩ፤ በብሉቱዝ ሲሄድ ስለሚዘገይ ምት ያሳስታል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ስንለማመድ 40 ዋት ለከበሮና ለቤዝ ክራር ይበቃል። ሙሉ ድራም ሲገባ አይችልም። ያኔ ከጀርባው ያለውን መስመር ወደ ሚክሰር እንልክና ዋናው ድምፅ በሞንታርቦ ይወጣል። አምፑ አጠገቤ ቆሞ ለኔ ለራሴ ብቻ ያሰማኛል። በዚህ አሠራር ትልቅ አምፕ ሳይገዙ ብዙ ቦታ መጫወት ይቻላል። ትንሽ አምፕ ስትመርጡ ይህ መውጫ እንዳለው እዩ የምለው ለዚህ ነው።

አሁን ዓይኔን የጣልኩት ባለ አምስት ክር ቤዝ ላይ ነው። ቢ ክሩ 31 ኸርዝ ይደርሳል። 10 ኢንቹ እንዴት እንደሚይዘው ገና አልሰማሁም። ባለ አምስት ክር የምትጫወቱ ካላችሁ በትንሽ አምፕ ቢ ክራችሁ እንዴት እንደሚሰማ ጻፉልኝ። ጣፎ፣ አያት ወይም ሰሚት አካባቢ ከሆናችሁ ደግሞ አምፑን ይዤ ልመጣ እችላለሁ።