ቀነኒሳ ሁለተኛ ወጣ፣ እኔም ለሩጫ ወጣሁ

ሚያዝያ 13 ቀን 2016 ዓ.ም. የተካሄደውን የለንደን ማራቶን ያያችሁ መቼም አትረሱትም። ቀነኒሳ በቀለ በ41 ዓመቱ ከኬንያዊው አሌክሳንደር ሙቲሶ ጋር እስከ መጨረሻዎቹ ኪሎሜትሮች አንገት ለአንገት ተናንቆ ሁለተኛ ወጣ። ሙቲሶ 2:04:01፣ ቀነኒሳ 2:04:15። አሥራ አራት ሰከንድ! ከ40 ዓመት በላይ በሆኑ ሯጮች እስከዚያ ቀን እንደዚያ የፈጠነ አልነበረም።

እኔ ቀነኒሳን እበልጠዋለሁ፤ በዕድሜ ብቻ። ያኔ ደረጃ ስወጣ እንኳ ያለከልከኝ ነበር።

"ዕድሜ ቁጥር ነው" የሚሉት ነገር አይዋጥልኝም። ቀነኒሳ ራሱ በመስከረም 2012 በርሊን ላይ 2:01:41 ሮጧል፤ ለንደን ላይ ከዚያ በሁለት ደቂቃ ተኩል ዘግይቷል። ዕድሜ ፍጥነቱን ቀንሶበታል። ግን ቀንሶበትም አሸናፊውን እስከ መጨረሻው አስጨነቀው፣ እኔን ያነሳሳኝም ይሄ ነው፤ የወጣትነት ጉልበቴ ይመለሳል ብዬ አይደለም የጀመርኩት።

መጀመሪያ ላይ ሮጥኩ ማለት ይከብዳል። ትንሽ ዱብ ዱብ፣ ብዙ እርምጃ። እየሮጥኩ ማውራት ካቃተኝ ፍጥነት እቀንሳለሁ፣ ሁሉም ሰው እየቀደመኝ ቢሄድም (ያናድዳል፣ አልዋሽም)። አያችሁ፣ ትንፋሽ ቶሎ ይለምዳል፣ ጅማት ግን ወራት ይፈልጋል። ትንፋሽህ "እንቀጥል" ሲል ባትህ የሚያምፀው ለዚህ ነው። ቀነኒሳንም ለዓመታት ያንገላታው የባት ጉዳት ነበር። ስለዚህ ደረጃ ጫፍ ላይ በጣቶቼ ቆሜ ተረከዜን ቀስ ብዬ ከፍ ዝቅ ማድረግ ለመድኩ። አሰልቺ ነው፣ ግን ከሠራኋቸው ነገሮች ሁሉ የጠቀመኝ እሱ ነው። ወገብና ጭን የሚያጠነክር እንቅስቃሴም ጨመርኩበት፤ ከ40 በኋላ ጡንቻ ካልሠራህበት ይሸሻል።

ዕረፍት ላይ ደግሞ ቀልድ የለም። ጠንከር ያለ ልምምድ በሠራሁ ማግስት አልሮጥም፣ እግሬ ቢቀለኝ እንኳ። በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ልጅ በአንድ ሌሊት የሚያገግመውን እኔ ሁለት ቀን እፈልግለታለሁ። እንቅልፌን ከነካሁ ደግሞ ሳምንቱ ተበላሸ ማለት ነው።

አሁን 10 ኪሎሜትር ሳልቆም እጨርሳለሁ። ሰዓቴን አትጠይቁኝ። ቀጥሎ ግማሽ ማራቶን አስቤያለሁ፣ ባቴ ከፈቀደልኝ።