ከረጅም እረፍት በኋላ ወደ አይሪሽ ዳንስ ውድድር መመለስ፦ የጅማት፣ የምትና የትንፋሽ ማስታወሻ

ከአይሪሽ ዳንስ ውድድር ለብዙ ዓመታት ርቄ ቆይቼ ከተመለስኩ ወዲህ በልምምድ ላይ ያስተዋልኩትን፣ በዚሁ መንገድ ላይ ላላችሁም ሆነ ለመመለስ ለምታስቡ ላካፍላችሁ ወደድሁ። ያደግሁት በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን በመሆኑ ይህን የአየርላንድ ባህላዊ ዳንስ የጀመርኩት በልጅነቴ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ስገባ አቆምኩት፤ ከዚያም ሥራና ልጆች ተከታተሉ። ስመለስ የፈለግሁት ሰውነቴን ለማፍታታት ብቻ ሳይሆን እንደገና ዳኛ ፊት ለመቆም ስለነበር፣ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከውድድር አንጻር ነው።

ብዙ ሰው ይህን ዳንስ ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1994 ደብሊን ላይ በተካሄደው ዩሮቪዥን በተባለው የአውሮፓ የዘፈን ውድድር ላይ በእረፍት ሰዓት ከቀረበው ከ«ሪቨርዳንስ» ነው። የውድድሩ ዓለም ግን ከዚያ የቀደመ ነው፤ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1893 የተመሠረተው የጌሊክ ሊግ የአየርላንድን ቋንቋና ባህል መልሶ ለማቋቋም ያደረገው እንቅስቃሴ ሲሆን፣ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮናም እ.ኤ.አ. በ1970 እዚሁ ደብሊን ተካሂዷል። ፌሽ በሚባሉት መደበኛ ውድድሮች ላይ ሪልና ስሊፕ ጂግ በለስላሳ ጫማ፣ ትሬብል ጂግና ሆርንፓይፕ ደግሞ ድምፅ በሚያወጣው ጠንካራ ጫማ ይደነሳሉ። ከጀማሪ ወደ ላይ የሚኬደው በእያንዳንዱ ዳንስ ለየብቻ በመሆኑ፣ አንድ ሰው በሪል ከፍ ያለ ደረጃ ላይ ሆኖ በሆርንፓይፕ ገና ታች ሊገኝ ይችላል። ይህ ሥርዓት ለተመላሽ ሰው በጣም ይመቻል ብዬ አምናለሁ፤ ሁሉንም ዳንሶች በአንድ ጊዜ ማንሣት አይጠበቅብንምና።

ከሁሉ ቀድሞ የተመለሰልኝ ትውስታው ነው። አኮርዲዮኑ የሪል ዜማ ሲጀምር፣ ስምንት ባር (ባር ማለት የሙዚቃው የምት ክፍልፋይ ነው) በቀኝ እግር፣ ያንኑ ስምንት ባር በግራ እግር የሚደገመው ቅንብር ሳላስበው ከእግሬ ይወጣ ነበር፤ አስተማሪዬ ገና ስሙን ሳትጠራው ቀጣዩ እርምጃ ይመጣልኛል። ይህ እጅግ የሚያስደስት ነገር ቢሆንም፣ ከእረፍት ለሚመለስ ሰው ዋናው አደጋ ያለው እዚሁ ላይ ይመስለኛል። ትውስታው የሚያዝዘው የወጣትነቱን ዝላይ ነው፤ ትእዛዙን የሚቀበለው ግን ለዓመታት በቢሮ ወንበር ላይ የኖረ እግር ነው። ጡንቻ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መጠንከር ይጀምራል፣ ትንፋሽም ብዙ ሳይቆይ ይሻሻላል፤ ጅማት ግን የሚደርሰው ደም አነስተኛ፣ ራሱን የሚያድስበትም ሂደት ዝግተኛ በመሆኑ ለለውጥ ወራት ያስፈልጉታል። በዚህ ምክንያት ዳንሰኛው «አሁን ጉልበቴ ተመለሰ» ብሎ ዝላዩን ከፍ በሚያደርግበት ሰሞን፣ ያንን ዝላይ የሚሸከመው ጅማት ገና አልደረሰም።

በአይሪሽ ዳንስ ላይ ይህ ልዩነት የሚብሰው በአስተራረፉ ምክንያት ነው። በሌሎች ብዙ የዳንስ ዓይነቶች ከዝላይ ሲወረድ ጉልበት ታጥፎ ግጭቱን ያበርዳል፤ እዚህ ግን ጉልበት ቀጥ ብሎ፣ ተረከዝ መሬት ሳይነካ፣ በፊተኛው የእግር ክፍል ላይ ማረፍ ስለሚፈለግ ጭነቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚቀበሉት ባት፣ ባትን ከተረከዝ የሚያገናኘው የአኪለስ ጅማትና የእግር መዳፍ አጥንቶች ናቸው። ጠንካራው ጫማም ጫፉና ተረከዙ ከፋይበርግላስ የተሠራ በመሆኑ ድምፁን ያጎላል እንጂ ግጭቱን አይቀንስም።

የእኔ የአኪለስ ጅማት ጠዋት ጠዋት መገተር ሲጀምር ፊዚዮቴራፒስቷ ዳንሱን እንዳቆም አላደረገችም፤ ዝላዩን ቀንሳ፣ ጭነቱ ቀስ በቀስ እንዲጨምር የሚያደርግ ሥራ ሰጠችኝ። ይህም ስዊድናዊው ሐኪም ሆካን አልፍሬድሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተሙት የታወቀ ዘዴ ነው፤ በደረጃ ጠርዝ ላይ በፊተኛው የእግር ክፍል ቆሞ፣ በደህናው እግር ከፍ ብሎ፣ በሚያመው እግር ብቻ ተረከዝን በዝግታ ከጠርዙ በታች ማውረድ ነው። 15 ጊዜ የሚደጋገመው ዙር ሦስት ጊዜ ጉልበት ቀጥ ብሎ፣ ሦስት ጊዜ ደግሞ ጉልበት ታጥፎ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ለ12 ሳምንታት ይሠራል፤ ሲቀልም በጀርባ ቦርሳ ክብደት ይጨመርበታል። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ሆኖም ከማንኛውም የዳንስ ልምምድ በላይ ወደ ውድድር የመለሰኝ ይህ ነው ብዬ በሙሉ ልብ እናገራለሁ። አሁን ሕመሙ ከለቀቀኝ በኋላም ክብደት እየጨመርኩ እሠራዋለሁ። ሕመም ያለባችሁ ግን ከባለሙያ ጋር ተነጋግራችሁ ብትጀምሩት መልካም ነው፤ ሕመሙ ያለው ጅማቱ ከተረከዝ አጥንት ጋር በሚጣበቅበት ቦታ ላይ ከሆነ ከጠርዝ በታች መውረዱ ሊያባብሰው ይችላልና።

ጅማቱ በሚጠነክርባቸው ወራት ዝላይ የማይጠይቀውን ሥራ ሠራሁ፤ ይኸውም ምትን ማጥራት ነው። የሙዚቃው ፍጥነት በደቂቃ ስንት ምት እንዳለ በሚለካው መሣሪያ፣ በሜትሮኖም፣ የሚወሰን ሲሆን በሻምፒዮና ደረጃ ሪልና ስሊፕ ጂግ በ113፣ ትሬብል ጂግ በ73፣ ሆርንፓይፕ በ113 ይደነሳሉ። 73 ለሰሚው ዝግ ያለና ቀላል ይመስላል። ዳንሰኛው ግን ያንን ሰፊ ጊዜ በተደራራቢ የእግር ድምፆች መሙላት፣ በየመካከሉም አየር ላይ ረዘም አድርጎ መቆየት ስላለበት፣ ከፈጣኑ ይልቅ ዝግተኛው ብዙ ጉልበትና ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል። ስለዚህ ትሬብል ጂጉን ያለ ዝላይ፣ ድምፁን ብቻ እያወጣሁ ተለማመድኩ፤ ድምፁንም በስልኬ ቀድቼ ምስሉን ሳላይ አዳመጥኩ። ቪዲዮ ሲታይ ዓይን በእግር አነሣስና በአቋም ላይ ይጠመዳል፤ ድምፅ ብቻውን ሲሰማ ግን የቱ ምት እንደተዋጠ ወዲያው ይታወቃል። በዚህ መንገድ በግልጽ የሰማሁት ነገር ቢኖር ቀኝ እግሬ ተከታታዮቹን ሦስት ድምፆች ለይቶ ሲያወጣ፣ ግራ እግሬ መካከለኛውን እንደሚያደበዝዝ ነው። ሁሉም እርምጃ በግራ የሚደገም ስለሆነ ይህ የዳንሱን ግማሽ ያበላሻል። ከዚያ ወዲህ ልምምዴን ሁልጊዜ በግራ እጀምራለሁ፤ ሳይደክመኝ የምሠራው ክፍል ደካማው እንዲሆን ስለምፈልግ ነው።

ስለ ላይኛው አካል የማነሣው፣ በተለይ እስክስታ እየመታን ያደግን ሰዎች ስለሚመለከተን ነው። እኛ በሠርግም በበዓልም ደስታችንን የምንገልጸው በትከሻችን ነው፤ እዚህ ደግሞ ክንድ በጎን ወርዶ፣ ትከሻ ረግቶ፣ ንግግሩ ሁሉ ለእግር ይተዋል። የሚፈለገው እርጋታ እንጂ ድርቀት አይደለም። ጡጫ በኃይል ሲጨበጥ ትከሻ ወደ ጆሮ ይወጣል፣ የጎድን አጥንት መስፋት ይቸገራል፣ ትንፋሽም ከሁለተኛው እርምጃ ሳያልፍ ይቆረጣል። እኔን የረዳኝ እየደነስኩ ምቱን ጮክ ብሎ መቁጠር ነው፤ የሚናገር ሰው ትንፋሹን ሊይዝ አይችልምና። ልጆቻችሁን ለምታስተምሩም ይህን እንድትሞክሩት እመክራለሁ።

ፌሾች ላይ ለአዋቂዎች የተለየ ውድድር አለ፤ እኔም የመረጥኩት እሱን ነው። አለባበሱ ቀለል ሊል ስለሚችል ውዱን የመድረክ ቀሚስ ለማሠራት አልቸኮልኩም። በልጅነቴ ሁሉም በሚያጠልቁት ጥቅልል ሰው ሠራሽ ፀጉር ፋንታም የራሴን ጥቅልል ፀጉር ወደ ኋላ ሰብስቤ ወጥቻለሁ፤ ይህ ለእኔ ትልቅ ደስታ ነበር።

በመጀመሪያው ፌሽ መድረክ ላይ የወጣነው ሁለት ሁለት ሆነን፣ እያንዳንዳችን የየራሳችንን ቅንብር እየደነስን ነው። በቤት ልምምድ የማይገኘው ፈተና ይህ ነው፦ የጎረቤትን አቅጣጫ እየተከታተሉ፣ ሳይጋጩና የራስን መስመር ሳያሳጥሩ መጨረስ። በትሬብል ጂግ ሦስተኛ ወጣሁ፤ በሪል ከተሸላሚዎቹ መካከል አልነበርኩም። ዳኛዋ በወረቀቴ ላይ ለትሬብል ጂጉ ምቱ ግልጽ መሆኑን፣ ለሪሉ ደግሞ እግሮቼ አንዱ በሌላው ፊት ይበልጥ መሻገር እንዳለባቸውና ከፍታ እንደሚጎድለኝ ጽፋልኛለች። ፍርዱ ትክክል ነው፤ የትሬብል ጂጉ ውጤት የመጣው ወራት ከሠራሁበት ድምፅ ሲሆን፣ የሪሉ ከፍታ ደግሞ ሆን ብዬ ያዘገየሁት ዝላይ ነው።

አሁን ዝላዩን በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ፣ በመካከላቸው የእረፍት ቀን እየተውኩ መጨመር ጀምሬአለሁ። ዝላይ በሠራሁ ማግስት ጠዋት ጅማቱ ከተገተረ የሚቀጥለውን ልምምድ ያለ ዝላይ አደርገዋለሁ፤ ካልተገተረ ጥቂት እጨምራለሁ። ስሊፕ ጂግን የማነሣው የሪሉ ከፍታ ከተስተካከለ በኋላ ነው፤ የእሱ ዜማ በእያንዳንዱ ባር ዘጠኝ ምት በሚቆጠርበት በ9/8 ስለሚሄድና እግሩ ከመሬት ጋር የሚቆይበት ጊዜ አጭር ስለሆነ፣ የሚጠይቀው ይህንኑ ከፍታ ነው። እናንተም ከእረፍት ስትመለሱ ጭነቱን በምን ፍጥነት እንደጨመራችሁና ጅማታችሁ እንዴት እንደተቀበለው ብትጽፉልኝ በጥሞና አነባለሁ።