ሴንት ፖል ፍርድ ቤት ስትጠሩ ካውንቲውን አስቀድማችሁ እወቁ

«ጂፒኤስ ባለበት አገር ሰው እንዴት ፍርድ ቤት ይጠፋዋል?» ከአገር ቤት የሚደውሉ ወዳጆች ይህን ሲጠይቁ ልደታን እያሰቡ ነው። ልደታ የሄደ ሰው ቢሳሳት እንኳ በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉት ሰዎች መጥሪያውን ገልጠው አይተው፣ «ያንተ እዚህ አይደለም፣ እዚያ ማዶ ነው» ይሉታል። ሚኔሶታ በር ላይ የሚጠብቃችሁ ግን መፈተሻ ማሽን ነው። ጂፒኤሱም ያዘዛችሁትን ሕንፃ አይስትም። የሚሳሳተው አዛዡ ነው፤ «ሴንት ፖል ፍርድ ቤት» ብሎ ይጽፍና መጀመሪያ የመጣለትን ይነካል።

የእኛን ሰው የሚያሳፍረው ነገር ይህ ነው። ከሥራ ፈቃድ ወስዶ፣ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይደርሳል። ተራው ደርሶ መስኮቱ ጋ ሲቀርብ «በዚህ ስም እኛ ጋ የተከፈተ መዝገብ የለም» ይባላል። በዚያው ሰዓት ሌላ ሕንፃ ውስጥ ስሙ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ «አልቀረበም» ተብሎ ይጻፍበታል። ቀጠሮ አክባሪው ሰው ቀጠሮ ንቆ እንደቀረ ሰው ይቆጠራል። ፍርድ ቤት መቅረትን እንደ ነውር ለሚያይ ሕዝብ ይህ ከቅጣቱ ገንዘብ ይብሳል።

ሴንት ፖል የስቴቱ ዋና ከተማ ስለሆነች የካውንቲውም (ካውንቲ ከስቴት በታች ያለ፣ ከተሞችን የሚይዝ የአስተዳደር ክፍል ነው)፣ የስቴቱም፣ የፌዴራሉም ፍርድ ቤት እዚያው ከተማ ውስጥ ተሰብስቧል። ለአብዛኛው ሰው ጉዳይ የሚያገለግለው የራምዚ ካውንቲ ፍርድ ቤት ሲሆን አድራሻው 15 ዌስት ኬሎግ ቡሌቫርድ ነው። በ1932 የተሠራ ረጅም ሕንፃ ነው፤ ማዘጋጃ ቤቱም እዚያው ውስጥ ነው። ትክክለኛው ቦታ መድረሳችሁን ለማረጋገጥ ምድር ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ያለውን «የሰላም ራእይ» የሚባል ሐውልት እዩ። ቁመቱ 11 ሜትር ያህል ነው፤ ከኦኒክስ ድንጋይ ተሠርቶ ቀስ ብሎ ይዞራል። የልጆችና የቤተሰብ ጉዳይ ከሆነ ግን ሌላ ሕንፃ አለ፤ 25 ዌስት ሰባተኛ ስትሪት ላይ። የታሰረ ሰው መጀመሪያ የሚቀርበው እስር ቤቱ ባለበት በ425 ግሮቭ ስትሪት ነው። ዘመድ ተይዞባችሁ ወደ ኬሎግ ብትሮጡ ልታጡት ትችላላችሁ።

ከካፒቶሉ፣ ማለትም ከስቴቱ ምክር ቤት ሕንፃ፣ አጠገብ ያለው ግርማ ሞገሱ የሚማርከው የሚኔሶታ ጁዲሻል ሴንተር የስቴቱ ጠቅላይና ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ነው። የትራፊክ ትኬትም ሆነ የቤት ኪራይ ክስ እዚያ አይሰማም፤ ግን «ሚኔሶታ ፍርድ ቤት» ብሎ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያርፈው እዚያ ነው። ከዚያ ሌላ የሚያሳስተው «ዲስትሪክት ኮርት» የሚለው ስም ነው። የካውንቲውም ፍርድ ቤት ዲስትሪክት ኮርት ይባላል፣ 316 ኖርዝ ሮበርት ስትሪት ያለው የፌዴራሉም ዲስትሪክት ኮርት ይባላል። ወረቀቱ አናት ላይ «ስቴት ኦፍ ሚኔሶታ» ካለ ወደ ካውንቲው፣ «ዩናይትድ ስቴትስ ዲስትሪክት ኮርት» ካለ ወደ ፌዴራሉ ሂዱ። «ሰከንድ ጁዲሻል ዲስትሪክት» የሚለውን አይቶ «ሁለተኛ ደረጃ ፍርድ ቤት» ብሎ የሚተረጉምም አለ። ትርጉሙ ግን ራምዚ ካውንቲ ማለት ብቻ ነው። ሚኒያፖሊስ ያለችበት ሄነፒን ካውንቲ አራተኛው ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው መሪ የመዝገብ ቁጥሩ ነው። በሚኔሶታ 87 ካውንቲዎች አሉ፤ በፊደል ተራ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፣ የስቴቱ ፍርድ ቤት መዝገብም የሚጀምረው በዚያ ቁጥር ነው። 62 ራምዚ፣ 27 ሄነፒን፣ 19 ዳኮታ፣ 82 ዋሽንግተን፣ 02 አኖካ ነው። ከቁጥሩ ቀጥሎ የሚመጡት ሁለት ፊደላት የጉዳዩን ዓይነት ይነግሯችኋል፤ ሲአር ወንጀል፣ ሲቪ ፍትሐ ብሔር፣ ኤፍኤ ቤተሰብ፣ ጄቪ የልጆች፣ ሲኦ ትንንሽ የገንዘብ ክርክር፣ ቪቢ ትኬት ነው። ቀጥሎ መዝገቡ የተከፈተበት ዓመት ይመጣል። ስለዚህ በ27 የሚጀምር ወረቀት ይዞ ሴንት ፖል የሚመጣ ሰው መንገዱን የሳተው ገና ከቤቱ ሳይወጣ ነው፤ የእሱ ፍርድ ቤት ሚኒያፖሊስ ነው።

ለምን ይህን ያህል ስለ ካውንቲ እንደምናወራ የሚገርመው ካለ የፖስታ አድራሻውን ይመልከት። ኢገንና ዉድበሪ የሚኖሩ ብዙ ሰዎች ፖስታቸው «ሴንት ፖል» ብሎ ይመጣላቸዋል። ኢገን ግን ዳኮታ ካውንቲ ነው፣ ዉድበሪ ዋሽንግተን ካውንቲ። ከዚህ የባሰው ዌስት ሴንት ፖልና ሳውዝ ሴንት ፖል ናቸው። ሁለቱም ራሳቸውን የቻሉ ከተሞች ናቸው፣ ሁለቱም ዳኮታ ውስጥ ናቸው፤ ዌስት ሴንት ፖል ደግሞ ስሙ ምዕራብ ይበል እንጂ ከሴንት ፖል በስተደቡብ ነው ያለው። የዳኮታ ጉዳይ ሄስቲንግስ፣ አፕል ቫሊ ወይም ዌስት ሴንት ፖል ሊታይ ይችላል፤ ሄስቲንግስ ብቻውን ከመሀል ሴንት ፖል 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የትኬት ነገር ደግሞ የሚወሰነው በመኖሪያችሁ ሳይሆን ፖሊስ ባስቆማችሁ ቦታ ነው። ሜፕልዉድ እየኖረ ብሉሚንግተን የተቀጣ ታክሲ ነጂ ጉዳዩ ሄነፒን ነው። ለትኬት መልስ የሚሰጠው በ30 ቀን ውስጥ ነው፤ ወይ መክፈል፣ ወይ ቀጠሮ መጠየቅ። ዝም ካላችሁ መቀጫ ይጨመርበታል።

ሰዓቱም የራሱ ወጥመድ አለው። ጥሪው 9:00 ኤኤም ሲል ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ሰዎቻችን ለቤተሰብ ሲነግሩ «ዘጠኝ ሰዓት ቀጠሮ አለኝ» ይላሉ፣ መኪና የሚያደርሰው ዘመድም በእኛ ዘጠኝ ሰዓት፣ ማለትም ከሰዓት በኋላ፣ ይደርሳል። 1:30 ፒኤም ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ነው። ቀኑን ስታነቡም ወሩ እንደሚቀድም አትርሱ፤ 04/05 ኤፕሪል 5 ነው። ጥሪውን እጃችሁ ላይ እንዳገኛችሁ በእኛ አቆጣጠር ወረቀቱ ጥግ ላይ ጻፉት።

ሌላው መታየት ያለበት ቃል «ሪሞት» የሚለው ነው። ከኮሮና በኋላ በሚኔሶታ ብዙ ቀጠሮዎች በዙም ሆነዋል። ወረቀቱ ሪሞት ካለ ሕንፃው ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ «ኢን ፐርሰን» ካለ ደግሞ ቤት ተቀምጦ ስልክ መጠበቅ አይሆንም። በዙም ስትገቡ ስማችሁን ልክ መዝገቡ ላይ እንዳለው ጻፉ። የእኛ ስም ራሱ ችግር ነው፤ አንዱ ጋ የአባት፣ ሌላው ጋ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ተደርጎ ይገባል። ሚኔሶታ ኮርት ሪከርድስ ኦንላይን በሚባለው የፍርድ ቤቱ መዝገብ መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ ራሳችሁን ስትፈልጉ በስም ካጣችሁ አልተከሰስኩም ብላችሁ አትረፉ። በመዝገብ ቁጥር ፈልጉ፣ ካልሆነ የስሙን ተራ እየለዋወጣችሁ ሞክሩ።

አስተርጓሚ በነጻ ነው። ግን አስቀድሞ ይጠየቃል፤ ጥሪው እንደደረሳችሁ ለፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ደውሉና በደንብ የምትናገሩትን ቋንቋ ስም ጥሩ። «ኢትዮጵያዊ» ብቻ ማለት አይበቃም፤ አማርኛ ነው ወይስ ኦሮምኛ ወይስ ትግርኛ? ልጃችሁን ለአስተርጓሚነት አታምጡ። መግቢያው ላይ ፍተሻ ስላለ የኪስ ቢላዋና የበርበሬ ርጭት ቤት ወይም መኪና ውስጥ ይቅር፤ የመኪና ቁልፍ ላይ የተንጠለጠለች ትንሽ ቢላዋም ወረፋ ታስለቅቃለች። መታወቂያ ያዙ። የጎዳና ላይ የፓርኪንግ ሰዓት ከችሎት ወረፋ ያጥራል፤ በግሪን ላይን ባቡር መጥታችሁ ሴንትራል ጣቢያ ብትወርዱ ኬሎግ በእግር ቅርብ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ። የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ከእነዚህ ሁሉ አንዱም አይደለም። ያለው ፎርት ስኔሊንግ፣ ቢሾፕ ሄንሪ ዊፕል ፌዴራል ሕንፃ ውስጥ፣ 1 ፌዴራል ድራይቭ ነው፤ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ ብሉ ላይን ባቡር የሚቆምበት ቦታ። እዚህ የመዝገብ ቁጥራችሁ ኤ ብሎ የሚጀምረው ባለ 9 አሐዝ ቁጥር ነው። ሴንት ፖል ሮበርት ስትሪት ያለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ይህን ጉዳይ አያይም፤ «ፌዴራል ነው ተብያለሁ» ብሎ እዚያ የሚሰለፍ ሰው ጊዜውን ያቃጥላል። ዊፕል ባልቀረበ ሰው ላይ፣ ሰውየው በሌለበት፣ ዳኛው ከአገር የማስወጣት ውሳኔ ሊሰጥ ይችላል። ከዚያ በኋላ መዝገቡን ማስከፈት ጠበቃ፣ ገንዘብና በቂ ምክንያት ይጠይቃል። ቀጠሮ ደግሞ ይቀየራል፤ ስለዚህ ከዋዜማው በፊት 1-800-898-7180 ደውላችሁ ኤ ቁጥራችሁን አስገቡና ቀኑንና ቦታውን አረጋግጡ። ቤት ከቀየራችሁ ኢኦአይአር-33 የሚባለውን ቅጽ በ5 ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤቱ ስጡ፣ ኤአር-11 ደግሞ በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ። አንዱ የሌላውን አይተካም፣ ፖስታ ቤት አድራሻ መቀየርም ሁለቱንም አይተካም።

የቤት ኪራይ ጉዳይ የሚያጣድፍ ነው። ከቤት የማስወጣት ክስ መጥሪያው ከወጣ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይቀጠራል፣ በር ላይ ሊለጠፍም ይችላል፤ ለማስታወቂያ ወረቀት ብላችሁ አትቅደዱት። ዲፖዚት (የቤት መያዣ ገንዘብ) የያዘባችሁን አከራይ መክሰስ ስትፈልጉ ደግሞ ትንንሽ የገንዘብ ክርክር የሚያየው ኮንሲሊዬሽን ኮርት እስከ 20,000 ዶላር ድረስ ያያል፣ ቤቱ ባለበት ካውንቲ መክሰስም ይቻላል። አከራዩ የሚመልሰው ወይም ለምን እንደቆረጠ በጽሑፍ የሚገልጸው ኪራዩ ካበቃና አዲሱን አድራሻችሁን ካገኘ በኋላ በ3 ሳምንት ውስጥ ነው።

ገና ለመምጣት ለምትሰናዱ፦ ፓስፖርት ላይ ያለው ስም፣ የትምህርት ማስረጃውና የልደት ወረቀቱ በአንድ ዓይነት ፊደልና ተራ ይጻፉ፤ አገር ቤት እያላችሁ ማስተካከል ይቀላል። እዚህ ስትደርሱ ደግሞ ከከተማው ስም እኩል የካውንቲያችሁን ስም አጥኑ።

የተሳሳተ ሕንፃ ውስጥ መሆናችሁን ካወቃችሁ ለመከራከር አትቁሙ። የመዝገብ ቁጥሩን መስኮቱ ላይ አሳዩና ትክክለኛውን ፍርድ ቤት ስምና ስልክ በወረቀት አስጽፉ፣ ከዚያው ከአዳራሹ ሳትወጡ ደውላችሁ በመንገድ ላይ መሆናችሁን አሳውቁ፣ የደወላችሁበትን ሰዓትና ያነጋገራችሁን ሰው ስም ያዙ። ቀጠሮው ካለፈም በዚያኑ ቀን ትክክለኛው መስኮት ድረስ ሂዱና አዲስ ቀጠሮ ጠይቁ።