ስም ጥሪ

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ልቤ ከብዶኝ ነው የዋለው፤ የሜልበርን ክረምት ገና በአሥራ አንድ ሰዓት ሲጨልም እንዲህ ያደርገኛል። ትንሿ በመጪው ጥር ትምህርት ቤት ስለምትገባ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ የሰፈራችንን የመንግሥት ትምህርት ቤት የምዝገባ ቅጽ ለመሙላት ተቀመጥኩ። ቤት ውስጥ ለሚነገረው ቋንቋ አማርኛ ብዬ እንደ ጻፍኩ፣ ልጅቷ ከአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ወገን፣ የአቦርጂናል ወይም የቶረስ ስትሬት ደሴቶች ተወላጅ መሆኗን የሚጠይቀው ሳጥን ላይ ደረስኩ። ታላቋን ሳስመዘግብ «አይደለችም» ብዬ በቅጽበት ያለፍኩት ጥያቄ ነው፤ ዛሬ ግን ብዕሩን አስቀምጬ ቀረሁ።

ያች ሳጥን ገንዘብ የሚቆጠርባት ናት። በዴቪድ ጎንስኪ የተመራው ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2011 ካቀረበው ጥናት ወዲህ የአውስትራሊያ ትምህርት ቤቶች በጀት የሚሰላው ለአንድ ተማሪ ይበቃል በተባለ መነሻ ገንዘብ ላይ ለድህነት፣ ለአካል ጉዳት፣ ለቦታ ርቀትና ለመሳሰሉት ጭማሪ እየታከለበት ነው። ለአቦርጂናል ተማሪዎች የሚታከለው ከመነሻው 20 በመቶ ይጀምርና፣ ተማሪዎቹ በሙሉ የአገሬው ተወላጆች በሆኑበት ትምህርት ቤት 120 በመቶ ይደርሳል።

ይህን መጀመሪያ ሳነብ ደስ ብሎኝ ነበር። ነገር ግን ቀመሩ ይገባል ያለውና የተከፈለው አንድ አልሆነም። ከየትኛውም የአገሪቱ ክፍል ይልቅ የአቦርጂናል ተማሪዎች ድርሻ በሚበዛበት በኖርዘርን ቴሪቶሪ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለዓመታት ያገኙት ከሚገባቸው 80 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። በዚያ ላይ የግዛቱ መንግሥት ያለውን ገንዘብ ለየትምህርት ቤቱ ያከፋፍል የነበረው በተመዘገበው ተማሪ ቁጥር ሳይሆን ክፍል በሚገኘው ልክ ነበር። ልጁ ከቀረ ድርሻውም አብሮት ይቀራል።

የሚቀሩበትን ምክንያት ሳስብ አመሸሁ። በዝናቡ ወራት መንገዱ በጎርፍ ይቆረጣል። ዘመድ ሲሞት ቤተሰቡ ተሰብስቦ ለለቅሶ ርቆ ይሄዳል፤ እንደ እኛው ለቀናት ይቀመጣል። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጆሮው በተደጋጋሚ የታመመበት ልጅ፣ ለዚያውም ቤቱ በማይነገር በእንግሊዝኛ የሚሰጠውን ትምህርት በደንብ አይሰማውም፤ የማይሰማው ክፍል ውስጥ ደግሞ ማን ተቀምጦ ይውላል? ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ተጨማሪ መምህር፣ ቋንቋውን የሚያውቅ ረዳት፣ ጆሮውን የሚያይለት ባለሙያ ነው፤ ይህን የሚገዛው ገንዘብ ግን ልጁ ስለ ቀረ ተቀንሷል። በማግስቱ ሲመጣ ለእርሱ የተቀጠረ መምህር የለም። በኋላ የግዛቱ መንግሥት ራሱ ይህን አከፋፈል ለመተው ወስኗል፤ ያለፉት ዓመታት ግን አልተመለሱም።

እኔ ባደግኩባት ትንሽ ከተማ ሐሙስ የገበያ ቀን ነበር። አራተኛ ክፍል ሳለን መምህራችን ስም ሲጠሩ፣ ሐሙስ ሐሙስ አቤት የማይል አንድ ልጅ ነበር፤ «ገበያ ነው» ብለን እኛ እንመልስለት ነበር። መምህራችን ቀሪ ብለው ይመዘግቡታል፤ ዓርብ ሲመጣ ግን ቦታው ይጠብቀዋል፣ እርሳቸውም ያመለጠውን በእረፍት ሰዓት ሰሌዳው ላይ ያሳዩታል። ድሃ ትምህርት ቤት ነበር። ልጁ ስለ ቀረ ግን መምህር አልተቀነሰበትም።

ከሁሉ የከበደኝ መቆጠር የሚለው ቃል ራሱ ነው። የአውስትራሊያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 127 የአገሪቱ ሕዝብ ብዛት ሲሰላ የአቦርጂናል ተወላጆች እንዳይቆጠሩ ይደነግግ ነበር፤ የሰረዘው እ.ኤ.አ. በ1967 ከ90 በመቶ በላይ ድጋፍ ያገኘ ሕዝበ ውሳኔ ነው። በሕግ ሳይቆጠር የኖረ ሕዝብ ልጆች፣ ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ ደግሞ በስም ጥሪ ከቁጥር ወጡ።

እ.ኤ.አ. በ2024 የፌዴራሉ መንግሥት ለኖርዘርን ቴሪቶሪ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከሚገባቸው ገንዘብ የሚሸፍነውን ድርሻ ከ20 ወደ 40 በመቶ ለማሳደግ፣ በ2029 የሚገባቸውን በሙሉ እንዲያገኙ ለማድረግ ተስማምቷል። ትንሿ ያኔ ሦስተኛ ክፍል ትሆናለች። ቀመሩ ሥራ ላይ በዋለበት በ2014 በስድስት ዓመቱ ትምህርት የጀመረ ልጅ ግን 21 ዓመት ይሞላዋል፤ ሙሉው ገንዘብ ሲደርስ እርሱ ከትምህርት ቤት ከወጣ ቆይቷል።

እኩለ ሌሊት ሊሆን ነው። አሁን የማስባት ይህንኑ ቅጽ ይዛ የተቀመጠች አንዲት የአቦርጂናል እናትን ነው። በአያቷ ዘመን የመንግሥት ሰው የልጇን ማንነት መዝገብ ላይ ካሰፈረ ልጇ ከጉያዋ ሊወሰድባት ይችል ነበር፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ኬቨን ራድ እ.ኤ.አ. በ2008 ፓርላማ ቆመው ይቅርታ የጠየቁት ለእነዚያ ልጆችና ለእናቶቻቸው ነው። እርሷ ዛሬ ለልጇ ድጎማ እንዲመጣ ያንኑ ማንነት በገዛ እጇ እንድታሰፍር ትጠየቃለች። ብዕሯ ያች ሳጥን ላይ ሲደርስ ምን ይሰማት ይሆን?