ዓይኔ ምንዛሬው ላይ፣ ገንዘቤ ሌላ ቦታ

በነሐሴ 2014 ኤምሬትስ ውስጥ ሻርጃ ላስተምር ስነሳ፣ ጎንደር ውስጥ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ «ድርሃም ስንት ገባ?» ብቻ ነበር። አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ያደረሰኝ ባለታክሲ እንኳ ሻንጣዬን እያወረደ ይህንኑ ጠየቀኝ። የሒሳብ አስተማሪ ነኝና እኔም ማታ ማታ ሳባዛ ነበር የማመሸው። ከሦስት ዓመት በኋላ ስመለስ ሳሰላው ግን ብዙውን ገንዘብ ያጣሁት ማንም ባልጠየቀኝ ነገር ነው።

የመጀመሪያው ችግር ደመወዙ ራሱ አለመምጣቱ ነው። እዚያ ደመወዝ በእጅ አይቆጠርም፤ በባንክ ወይም በደመወዝ ካርድ ነው የሚገባው። ባንኩ የኤምሬትስ መታወቂያ ይላል፣ መታወቂያው የመኖሪያ ፈቃድን ይጠብቃል፣ ፈቃዱ የጤና ምርመራን ይጠብቃል። የመጀመሪያ ደመወዜን ያየሁት በ52ኛው ቀን ነው። እስከዚያ ከአንድ ግብፃዊ የፊዚክስ አስተማሪ 1,500 ድርሃም ተበደርኩ፤ የቀረውን እናቴ የቋጠረችልኝ በሶና ዳቦ ቆሎ ሸፈነው። ዳቦ ቆሎውን ስታዘጋጅ «ይሄ ለልጆች ነው» ብዬ ስቄባት ነበር።

ድርሃም እንደ ብር አይዋዥቅም። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ አንድ ዶላር 3.6725 ድርሃም ነው፤ አልነቃነቅም ብሏል። አያቴ ብትኖር ትወደው ነበር። እሷ ገንዘብ የምትለው ማርትሬዛን ነው፤ መቼም ይመታ መቼ ላዩ ላይ 1780 ተብሎ የሚጻፍበትን ያንን ጠገራ። የአንገቷ መስቀልም ከእሱ ቀልጦ የተሠራ ነው። እና ድርሃሙ ከቆመ፣ የሚንቀሳቀሰው ብሩ ብቻ ነው። ያኔ በባንክና በጥቁር ገበያ መካከል ያለው ልዩነት ሰው ያሳብድ ነበር። እኔንም አሳበደኝ፤ ሁለት ጊዜ በጥቁሩ ላክሁ።

የመጀመሪያው ያለችግር ደረሰ። በሁለተኛው፣ እናቴ ሒሳብ ውስጥ ብሩን ያስገባው ከየት እንደሆነ የማናውቀው ሰው ነው። በኋላ ያ ሰው ምርመራ ላይ ሲወድቅ ከእሱ የተቀበሉት ሁሉ ሒሳባቸው ታገደ። የእናቴ ጡረታም የሚገባው እዚያው ሒሳብ ላይ ነበር። ሰባት ሳምንት ጎረቤት እየተበደረች ከረመች፤ ስደውልላት ግን «ምንም አልጎደለብኝም» ነው የምትለኝ። እውነቱን የሰማሁት ከእህቴ ነው። ያተረፍኩት ብር ያንን አይከፍልም።

ከዚያ በሕጋዊው ሐዋላ ብቻ ሆነ። እዚህ ደግሞ «ፀ» ጠበቀችኝ። የእናቴ ስም በዚህች ፊደል ይጀምራል። የባንክ ደብተሯ ላይ በላቲን «ቲ» እና «ኤስ» ተብላ ተጽፋለች፣ መታወቂያዋ ላይ «ቲ» እና «ዜድ»፤ እኔ ደግሞ የላኪው ቅጽ ላይ ከሁለቱም የተለየ፣ «ኤስ» ብቻ አድርጌ ሞላሁት። ፒያሳ ካለ ቅርንጫፍ ወረፋ ይዛ ውላ መስኮቱ ጋ ስትደርስ፣ ልጅቷ በትሕትና «እናቴ፣ ይሄ ስም የእርስዎ አይደለም» አለቻት። «ልጄ፣ በዚህ ስም ስድስት ልጅ ወልጃለሁ» ብላ መለሰችላት። አልተከፈላትም። ስሙን ላስተካክል እኔም በፈረቃዬ መሀል ላኪው ሱቅ ተመልሼ መሰለፍ ነበረብኝ። ከዚያ በኋላ እህቴ መታወቂያውን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ፤ ፊደል በፊደል እያየሁ መሙላት ጀመርኩ። ለዚያውም ፎቶው የደረሰኝ እህቴ ለሥራ አዲስ አበባ ስትሄድ ነው፤ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ክልላችን ላይ ተቋርጦ ነበርና። የሚስጥር ቁጥሩን በስልክ እያነበብኩላት፣ እናቴ በእርሳስ የካላንደር ጀርባ ላይ ትጽፍ ነበር።

ስለ ምንዛሬ ካነሳን ሐምሌ 22 ቀን 2016ን ሳልናገር አላልፍም። በሰኔ፣ ማራኪ ሰፈር ላለው ቤታችን ቆርቆሮ 10,000 ድርሃም ልኬ ወደ 156,000 ብር ገደማ ሆነ። ምንዛሬው ለገበያ በተለቀቀበት ቀን ንግድ ባንክ ዶላሩን ከ57 ብር ከፍ አድርጎ በ74 ብር ከ73 ሳንቲም መግዛት ጀመረ፤ ያው 10,000 ድርሃም 203,000 ብር ያህል ማለት ነው። በሳምንታት ውስጥ ደግሞ ዶላሩ ከ100 አለፈ። የዚያን ምሽት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ግን ባቆየው ኖሮ ቤቱ ክረምቱን ሙሉ ያፈስ ነበር፤ ቆርቆሮውም በድሮ ዋጋው ቆሞ አይጠብቀኝም። ይህን ኪሳራ ረስቼዋለሁ ማለት ይቻላል።

ያልረሳሁት የስንብት ክፍያውን ነው። ውሌ ላይ በትልቁ የተጻፈው 6,500 ድርሃም ነበር፤ እኔም ያየሁት እሱን ብቻ ነው። ከሥሩ ግን ተከፋፍሏል፦ መሠረታዊ ደመወዝ 2,600፣ የቀረው የቤትና የትራንስፖርት አበል። በየወሩ የሚገባው ያው ስለሆነ ልዩነት ያለው አልመሰለኝም። የአገሩ የሠራተኛ ሕግ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በዓመት የ21 ቀን ደመወዝ ለተሰናባች ይሰጣል፤ የሚሰላው ግን በመሠረታዊው ብቻ ነው። ሦስት ዓመት፣ 63 ቀን። በ6,500 አስልቼ 13,650 ድርሃም ስጠብቅ 5,460 ተሰጠኝ። የሒሳብ ቢሮው ሰውዬ ወረቀቱን ወደ እኔ አዙሮ በጣቱ ፊርማዬን አሳየኝ። ምን እላለሁ? ሕጉን የጣሰ የለም። በ2014 ከፊርማዬ በፊት «መሠረታዊው 4,500 ይሁን፣ ጠቅላላው እዚያው 6,500 ይቆይ» ብል ለትምህርት ቤቱ በየወሩ አንዲት ሳንቲም አይጨምርበትም፤ ለመደራደር ቀላል የሚሆነውም ያኔ ነው። ያችን 5,460 በባንክ ላክሁና አዲሱ መመሪያ ለነዋሪም በፈቀደው የውጭ ምንዛሬ ሒሳብ አስቀመጥኳት። ለጊዜው አልመነዘርኳትም።

ባለፈው ሳምንት አብሮኝ ያስተምር የነበረ ልጅ አራዳ ላይ አግኝቶኝ እሱም ሊሄድ መሆኑን ነገረኝ። ቡናው ሳይቀዳ «ድርሃም አሁን ስንት ገባ?» አለኝ። ውሉን አምጣ አልኩት። በስልኩ ፎቶ አሳየኝ፤ 7,000 ተብሎ በደማቁ ተጽፏል። አሰፋሁት። ገጽ ሁለት ላይ «መሠረታዊ ደመወዝ» የሚለው መስመር ባዶ ነው፤ ሰኞ ሊፈርም ነው።