ሳሊሲሊክ ቶነር በኅዳር ብርድ ለምን መርፌ ያወጣል?

ሱሉልታ ወይም ሰበታ ቤት ውስጥ የተዘጋጀ የ2% ሳሊሲሊክ ቶነር (ሳሊሲሊክ አሲድ ያለበት የፊት መቀቢያ ፈሳሽ) ማታ ኩልል ብሎ አድሮ ጠዋት ከታቹ የሚያብረቀርቅ መርፌ መሳይ ክሪስታል ከተገኘበት፣ የአሲዱን ዱቄት አትውቀሱ። አሟሚው ነው ያነሰው። 1 ሊትር ውሃ በክፍል ሙቀት የሚያሟሟው ሳሊሲሊክ አሲድ 2 ግራም ገደማ፣ ማለትም 0.2% ብቻ ነው። የምንፈልገው አሥር እጥፉን ነው፤ ብርዱ ደግሞ ያቺኑም ይቀንሳታል።

ለ100 ግራም፦ ሳሊሲሊክ አሲድ 2፣ 96% ኢታኖል (አልኮል) 30፣ ፕሮፒሊን ግላይኮል (ሌላው አሟሚ ፈሳሽ) 12፣ ግሊሰሪን 3፣ የተጣራ ውሃ 53 ግራም። ሁሉም በሚዛን። በሲሪንጅ 30 ሚሊ ሊትር ኢታኖል የቀዳ ሰው የጨመረው 24 ግራም ያህል ነው፤ አልኮል ከውሃ ይቀላልና። መርፌው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከዚህች ስህተት ነው። አረቄም አይተካውም፤ ግማሹ ውሃ ነው።

ዱቄቱን መጀመሪያ አልኮሉና ግላይኮሉ ውስጥ አሟሙ። አንዲት ቅንጣት እስካትቀር አማስሉ፣ ከሰል ምድጃ አጠገብ ግን በፍጹም አይሆንም። ግሊሰሪኑን ጨምሩ፣ ከዚያ ውሃውን በቀጭኑ እያንጠባጠባችሁ። ዱቄቱን ውሃ ላይ የበተነ ሰው ጓል ይሆንበታል፣ ከዚያ በኋላ ማማሰል ልፋት ነው። ከውሃው 5 ግራም አስቀሩ፤ በእሱ ምትክ 10% የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውህድ ጠብ እያደረጋችሁ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን) 3.5 አካባቢ አድርሱ፣ የጎደለውን በውሃ ሙሉ። ከ4 በላይ ካለፈ አብዛኛው አሲድ ወደ ጨውነት ይለወጣል፤ ጨው ደግሞ ቆዳን እንደ አሲዱ አያልፍም።

ቶነሩ ወይን ጠጅ ቀለም ካመጣ ብረት ነክቶታል። የጉድጓድ ውሃ፣ የዛገ ቧንቧ፣ የተላጠ ማንኪያ፣ ሁሉም ይበቃል። ለባትሪ የሚሸጠው ውሃም ለፊት የተሠራ አይደለም።

አሟሚ በዛ ማለት ቆዳ ውስጥ ብዙ ገባ ማለት አይደለም። ንጥረ ነገሩ አሟሚውን አብዝቶ ከወደደው እዚያው ይቀመጣል፣ ወደ ቆዳ የሚገፋው ነገር ይዳከማል። አልኮሉ ፊት ላይ ተንኖ ሲያልቅ ግን የቀረው ውህድ ወደ ሙሌት፣ ማለትም ከዚያ በላይ ማሟሟት ወደማይችልበት ልክ፣ ይጠጋል፣ ግፊቱም ይጨምራል። ስለዚህ ግላይኮሉን ወደ 30 ማሳደግ መርፌውን ቢያስቀርም ሥራውን ሊያደክም፣ ቆዳውንም ሊያቃጥል ይችላል። ዲኤምኤስኦ የሚባለው ቆዳን ዘልቆ የሚገባ አሟሚ ደግሞ ለቤት አይሆንም፤ ቆሻሻውንም አብሮ ይዞ ይገባል።

ከማሸጋችሁ በፊት አንዱን ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ 48 ሰዓት አቆዩና ወደ መስኮት አንሥታችሁ አዘንብሉት። ብልጭ የሚል ነገር ካለ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፎ ማሟሟት ጊዜያዊ ነው፣ በቀዘቀዘ ቁጥር ይመለሳል። ኢታኖሉን 5 ግራም ጨምሩ፣ ውሃውን በዚያው ልክ ቀንሱ። ክዳን አንገት ላይ ብቻ ነጭ ዱቄት ከታየ ግን ውህዱ ደህና ነው፤ ክዳኑ አይገጥምም፣ አልኮሉ እየሸሸ ነው።

አስፒሪን የማይስማማው ሰውና ነፍሰ ጡር ሐኪም ሳያማክሩ አይቀቡት።