ከትልቁ ቤት እስከ ሰርቪሱ

ደብረ ማርቆስ፣ ሐምሌ

ዝናብ ሲመጣ የሚጠፋ፣ ፀሐይ ሲወጣ የሚመለስ ኢንተርኔት ሲያጋጥም ለአቅራቢው ድርጅት ከመደወል በፊት ግቢን መፈተሽ ይሻላል። ራውተሩ ትልቁ ቤት፣ ቢሮው ሰርቪስ ቤት ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው በመካከላቸው ያለው ገመድ ነው።

መለየቱ ቀላል ነው። ቢሮ ውስጥ ላፕቶፑን በገመድ ሰክቶ ሁለት ፒንግ (መልስ የሚጠብቅ አጭር የሙከራ መልእክት) ጎን ለጎን ማስኬድ፤ አንዱ ወደ ራውተሩ፣ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1፣ ሌላው ወደ 8.8.8.8፣ ውጭ ኢንተርኔት ላይ ወዳለ የጉግል አድራሻ። ዊንዶውስ 4 ጊዜ ልኮ ስለሚያቆም ሳያቋርጥ እንዲልክ ይታዘዝ። አንድ ሰዓት ይሂድ፤ እየዘነበ ከሆነ ደግሞ እሰየው። ራውተሩ መመለስ ካቆመ ችግሩ ግቢ ውስጥ ነው። የውጭው ብቻ ከጠፋ፣ ያኔ ይደወል።

በሰከንድ 1000 ሜጋቢት የነበረው የገመዱ ፍጥነት 100 ላይ ከወረደም ገመዱ ታሟል። ለ1000 በገመዱ ውስጥ ያለው ስምንቱም ሽቦ ያስፈልጋል፣ ለ100 ግን አራቱ ይበቃሉ፤ ስለዚህ ከቀሪዎቹ አንዱ ተበጥሶም «ይሠራል» እየተባለ ወራት ያልፋል።

ብዙ ጊዜ የማየው ጥፋት ቅጥያ ነው። ገመድ ሲያጥር ሽቦዎቹን አገናኝቶ በናስትሮ መጠቅለል። ናስትሮው በፀሐይ ይላቀቃል፣ ውኃ ይገባል፣ መዳቡ አረንጓዴ ያወጣል። ሽቦውን በምላጭ ፋቅ ማድረግም ደግ ነው፤ ከሥሩ ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው። እስከ 100 ሜትር ይሄዳል የሚባለው ለንጹሕ መዳብ ነው።

ምርጫዬ ግን ሌላ መዳብ መዘርጋት አይደለም። በጮቄ ተራራ በኩል ነጎድጓዱ በሚበረታበት ክረምት፣ መብረቅ ቤቱን ሳይመታ አቅራቢያ ቢወድቅ እንኳ በሁለት ቤት መካከል ያለ መዳብ ጉልበቱን ተቀብሎ የሁለቱንም ጫፍ ዕቃ ያቃጥላል። የምመርጠው ፋይበር ነው፤ መረጃን በብርሃን የሚያደርስ ቀጭን የመስተዋት ክር ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ጫፉ ተሠርቶ የሚሸጥ ፋይበርና ሁለት ሚዲያ ኮንቨርተር (የኤሌክትሪኩን ምልክት ወደ ብርሃን፣ ብርሃኑንም መልሶ የሚቀይር ትንሽ ሣጥን) ይበቃል። በአንድ ክር የሚሠራው ኮንቨርተር ከሆነ አንዱ በ1310፣ ሌላው በ1550 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ የሚልክ ይሁን፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ከሆኑ አይግባቡም። አረንጓዴ የፋይበር ጫፍ ሰማያዊው መሰኪያ ውስጥ ቢገባም ብርሃኑን ያባክናል። የብረት ሽቦ ያለበት ፋይበር አይገዛ፤ ከመዳብ የሸሸነውን አደጋ መልሶ ያመጣዋል።

በፕላስቲክ ቱቦ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቀበር፤ ማዕዘን ላይ በሰፊው ይዙር፣ በጠባቡ ከታጠፈ ብርሃኑ ያፈስሳል። ቁፋሮው ለመስከረም ይቆይ፤ አሁን ቦዩ ውኃ ይሞላል። እስከዚያ ደመናው ሲከብድ፣ ነጎድጓዱ ሳይቀርብ፣ የመዳቡን ገመድ ከሁለቱም ጫፍ መንቀል።